ማን ወደ ማን ሮጠ

ሰው ሲያረጅ የሚምታታበት የመድኃኒቱ ሰዓትና የቁልፉ ቦታ ነው ይባላል። እኔ እነሱን አልረሳም። እኔ የሚምታታብኝ፣ በዚያ ዘመን እኛ ግቢ ውስጥ የትኛው ልጅ የማን እንደነበረ ነው። ይህን ስል ልጄ ሳሚ ይስቅብኛል። «እማዬ፣ እኔ ያንቺ ነኝ፤ አትጨነቂ» ይለኛል። አልጨነቅም። ብቻ ባለፈው ሰሞን ሚስቱ ቤዛ ልጃቸውን ኤልዳናን ይዛ ከቱላ መጣችና፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «እማዬ፣ ኤልዱን ኬጂ ልናስገባት ነው። ከእኔ ተለይታ መዋል መልመድ አለባት ተብለናል፤ ጠዋት ጠዋት እርስዎ ጋ ትዋል?» አለችኝ። ማን ነው እንዲህ ያለው ብላት፣ አስተማሪዋ ለወላጆች ሁሉ በቴሌግራም ልካላቸው ነው።  ያንኑ ምክር እኔ የሰማሁት ሸራ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ቤት ለቤት ትዞር ከነበረች ልጅ እግር ሴት አፍ ነው፤ ያኔ ሳሚ የዛሬዋን ኤልዳናን ያክል ነበር። ቤዛ መዘግየቴ እምቢታ መስሏት ተጨነቀች። «ትዋል፣ ትዋል» አልኳት፤ ሐሳቤ ግን ሄዷል።

ያኔ ከተማችን አዋሳ ነበር የምትባለው። አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ቆርቆሮ ጣራ ሥር እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ ክፍሎች ያሉበት ግቢ ውስጥ በቀበሌ ኪራይ እንኖር ነበር። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የልብስ ገመድ። ዛሬ ባጃጅ በሚተራመስበት መንገድ ላይ የሚሰማው የጋሪ ፈረስ ኮቴና የብስክሌት ደወል ነበር፤ ጋሪ በአሥር ሳንቲም ከገበያ እስከ ሐይቁ ዳር ታደርሳለች፣ ባለጋሪው ከተግባቡት ደግሞ ዘንቢሉን ያለ ዋጋ ይጭናል። ወንዱ ካኪ ይለብሳል። እኛ ሴቶቹ ቴትሮን ቀሚስ፣ ያውም ሲያጥቡት የማይሸበሸበውን ካገኘን እንደ ሙሽራ እንኩራራለን። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነበር፤ ጠዋት ቦታ የሚያዘው በድንጋይ ስለነበር የእኔን ድንጋይ ከሌላው ለመለየት ቀይ የጥፍር ቀለም ቀብቼው ነበር። ማታ ማታ ከማዶው ቡና ቤት የራዲዮ ዘፈን ይመጣል፤ ከመካከሉ ዜና ሲገባ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስለ ፖለቲካው አትጠይቁኝ፤ ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም።

እኔ ከወላይታ መጥቼ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ባለቤቴ ሾፌር ነው፤ በዚያ ዓመት ከነመኪናው ወደ ሰሜን ተልኮ ነበር። ደብዳቤው አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። በቤት ውስጥ የቀረኝ ሳሚ ብቻ ነው። ከእኔ አጠገብ ያለው ክፍል የዘይነብ ነበር። ዘይነብ ከቡታጅራ በኩል የመጣች፣ ፊቷ ሁልጊዜ ሊስቅ ጥቂት የቀረው የሚመስል ሴት ናት፤ ባሏ ገበያ ውስጥ ክርና ሳሙና የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ ሙና፤ ከሳሚ ጋር እኩያ። በስማችን ተጠራርተን አናውቅም። እሷ «የሳሚ እናት» ትለኛለች፣ እኔ «የሙና እናት» እላታለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእኛ ተረት አልነበረም፤ ጨው ሲያልቅ በግድግዳው ነበር የምንጠያየቀው።

ቀን ቀን እየመጣች ሳሚን የምትይዝልኝ ታናሽ እህቴ ነበረች። እሷ ልታገባ ሆነ። የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት መከፈት ለእኔ ከሰማይ የወረደ መና ነበር፤ ከአንድ ባለ ሀብት የተወረሰ ቪላ ነው፣ በሩ ላይ ዳክዬና ኳስ ሥለውበታል። ታዲያ አስተማሪዋ፣ እትዬ ጽጌ፣ በነሐሴ ጭቃ ቤት ለቤት እየዞረች ወላጆችን ታዘጋጃለች። እኛ ቤት መጥታ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ጀመረች። ልጁ ስሙንና የአባቱን ስም ይናገር። ሽንት ቤት ብቻውን ይሂድ። የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ። በራሱ እጅ ይብላ፤ ማጉረስ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። «ከሁሉም በላይ ግን» አለች፣ «ከእናቱ ተለይቶ መዋል ይልመድ። ሲያለቅስ የሚውል ልጅ ተመላሽ ይሆናል፤ ሌሎቹንም ያስለቅስብኛል።» ሳሚ ይህን ሲሰማ ቀሚሴ ውስጥ ገብቶ ተሸጎጠ። ጭንቅ ያዘኝ። ተመላሽ ከሆነ ሥራዬን ልተው ነው፤ ሥራዬን ከተውኩ ደግሞ ምን ልንበላ ነው?

«ከማን ጋር ይዋል?» አልኳት።

«ከጎረቤት።»

«ጎረቤቴም እኮ ልጅ አላት። ያው ትናንት የመከርሻት።»

እትዬ ጽጌ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ተለዋወጡ» አለች።

የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና መለዋወጥ ጀመርን። ጠዋት ሳሚን ዘይነብ ቤት አደርሳለሁ፣ ሙናን ይዤ እመለሳለሁ። ከቀትር በኋላ መልሰን እንቀያየራለን። መጀመሪያ ላይ ሳሚ በግድግዳው በኩል ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ እኔ እዚህ ሙናን ከረሜላ እየሰጠሁ አባብላለሁ፣ ዘይነብ እዚያ ሳሚን ታባብላለች። ብታስቡት የሚያስቅ ነገር ነው። የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ ላሚሶ፣ ረጋ ያለ የሲዳማ ሽማግሌ፣ ጠመንጃውን ተሸክሞ በአጥሩ በር ቆሞ ለብዙ ቀን አይቶን ኖሮ አንድ ጠዋት ጠራኝ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በዚያ ጊዜ በቤቱ ተሰብስቦ የሚጸልይ ጴንጤ ስለሚጠረጠር፣ ሲጠራኝ የተያዝኩ መሰለኝ።

«ያንቺ ልጅ እዚያ ሄደ» አለኝ። «የእሷ ልጅ እዚህ መጣች።»

«አዎ፣ ጋሽ ላሚሶ።»

«ማታ ደግሞ ተመለሱ።»

«አዎ።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እቤታቸው ቢቀመጡ ምን ነበረ?»

ላስረዳው ሞከርኩ። ባስረዳሁት መጠን ነገሩ ለእኔም እየጠፋብኝ ሄደ። በመጨረሻ አንገቱን ነቅንቆ «እሺ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ አሰናበተኝ፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስናልፍ ልጆቹን አንድ በአንድ በዐይኑ ይከተላቸው ነበር።

ችግር የመጣው በምሳው በኩል ነው። ዘይነብ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋችን ይለያያል። እሷ የእኔን ልጅ፣ እኔ የእሷን ልጅ ሥጋ ማብላት የማይታሰብ ነው። ሽሮ ደግሞ ለሰው ልጅ፣ ለአደራ ልጅ፣ በየቀኑ እንዴት ተደርጎ ይሰጣል? ደግነቱ ሐይቅ ዳር ነን። ዓሣ ባርኮ የሚያርደው የለም፤ ለእሷም ለእኔም ንጹሕ ነው። ከሁለት አንዳችን በማለዳ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል እንወርዳለን። ጀልባዎቹ ሲደርሱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ መስለው ይጠብቃሉ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሦስት አራቱ በቃጫ ታስሮ በሃምሳ ሳንቲም ይገኛል፣ እጅ ላይ የሚቀረው ሽታ ደግሞ በአመድ እንኳ አይለቅም። ዛሬም እዚያ ስሄድ ሽታው ልክ ያው ነው፤ ዋጋውን ግን ባልናገር ይሻላል።

ዓሣ ግን እሾህ አለው። አራት ዓመት ያልሞላውን ልጅ «በራስህ እጅ ብላ» ብለህ ዓሣ አትሰጠውም፣ ያውም የሰው ልጅ። አንድ ነገር ቢሆንስ? ስለዚህ ዘይነብ ሳሚን አጠገቧ ታስቀምጥና እሾሁን በጣቷ እየለቀመች ታጎርሰዋለች። እኔም ሙናን እንደዚያው። ማታ ልጆቻችን ወደየቤታቸው ሲመለሱ ግን ሁለታችንም ሕግ አክባሪዎች ነን፤ ማንኪያና ሳህን እናስቀምጥና «በራስህ ብላ፣ እትዬ ጽጌ እንዳትቆጣህ» እንላለን። ሳሚ ቁልፉን አዛብቶ ከቆለፈ እንደገና እንዲቆልፍ አደርገዋለሁ። ሙና ስታዛባ ግን እኔው አስተካክልላታለሁ፤ የሰው ልጅ እንግዳ ነው፣ እንግዳ አይቀጣም። ዘይነብም ቤት እንዲሁ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ ልጄ ማልቀስ ማቆሙ ብቻ ነበር። ጠዋት ራሱ ቀድሞኝ ይሮጥና የዘይነብን በር ይደበድባል። ምክሩ ሠራ ብዬ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

መስከረም ጠባ። ሳሚን ሰማያዊ ሽርጥ አለበስኩት፣ ነጭ መሐረብ በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ ሰካሁለት፣ አዲስ ሸራ ጫማ አደረግሁለት፤ የአዲስ ሸራ የጎማ ሽታ ዛሬም ቢሸተኝ ዐይኔ እንባ ያቀርራል። በሩ ላይ የሌሎቹ ልጆች ለቅሶ ሰማይ ጠቀስ ነበር። የእኔና የዘይነብ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ዞር ብለው ሳያዩን ገቡ። ኩራታችን! ቀትር ላይ፣ በምሳ ሰዓቴ፣ ልንወስዳቸው ሄድን። እትዬ ጽጌ የማንን እናት ከማን ትለይ፤ አክስቱም፣ ሠራተኛዋም፣ አያቱም መጥቷል። ስለዚህ ደንብ አወጣች፤ ልጅ የሚሰጠው ለሮጠለት ሰው ነው። እኛም ከበሩ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። ሳሚ ብቅ አለ። አየኝ፤ በእርግጥ አይቶኛል። ሁለት እጄን ዘረጋሁለት። ሮጠ፣ መሐረቡ ደረቱ ላይ እየተርገበገበ ሮጠ፣ ሮጠና በጎኔ አልፎ ዘይነብ ጉያ ውስጥ ገባ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምነው፣ ልጅሽ አላወቀሽም እንዴ?» ስትል ሰማሁ። እጄን ዘርግቼ እንደቀረሁ ነው የማስታውሰው፤ ባዶ እጄን ወዴት እንደምሰበስበው ጠፍቶኝ። ሙና በዚያ ሰዓት የት እንደነበረች ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ዐይኔ ሌላ አላየም። እትዬ ጽጌ አንዴ እኔን አንዴ ዘይነብን እያየች «የቱ ነው የማን?» አለች።  ወደ ቤት ስንሄድ ሳሚ የዘይነብን ነጠላ ይዞ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። በአጥሩ በር ጋሽ ላሚሶ እንደ ልማዱ ልጆቹን አንድ በአንድ በዐይኑ ተከተላቸው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም ያው ሆነ። ከመዋዕለ ሕፃናት ሲወጣ ቀጥ ብሎ ዘይነብ ቤት። ሙናም እንደ ልማዷ እኛ ቤት ትገባለች፤ ለእኔ ግን የሙና መምጣት የሳሚ አለመምጣት ምልክት ብቻ ነበር። አንድ ቀን በዘይነብ በር ቆሜ «ሳሚ፣ ና እቤትህ» አልኩት። ከወለሉ ላይ ቀና ብሎ «ቤቴ ነኝ እኮ» አለኝ፤ በክፋት አይደለም፣ የማላውቀውን ነገር እንደሚያስረዳኝ ሆኖ።  አባቱ የለም፣ ደብዳቤው ቀርቷል፣ አሁን ደግሞ ይሄ። ከእኔ መለየትን ራሴ አስለምጄው፣ ሲለይ ደግሞ ሆድ ባሰኝ። ክፉ ሐሳብም መጣብኝ፤ ወንድ ልጅ ስለሌላት ሆን ብላ ትሆን? ወዲያው ደግሞ ያቺ ዘይነብ፣ ራሴን ሲያመኝ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት፣ እንዲህ ታስባለች ብዬ በራሴ አፈርኩ። ወደ እትዬ ጽጌ ሄድኩ። ዳክዬዋ ሥር ቆማ ሰማችኝና እውነቷን ተናገረች፤ «እኔ በሥልጠናው የተማርኩት ስለሚያለቅሱት ነው። ስለማያለቅሱት ምንም አላስተማሩንም።»

መፍትሔው የመጣው ከቧንቧው ሥር ነው። ጀሪካን ስንሞላ ዘይነብ ውኃውን እያየች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«የሳሚ እናት፣ እኛ እኮ ተሳስተናል። የሰው ልጅ እያጎረስን የራሳችንን በማንኪያ ቀጣን። ልጅ ታዲያ ወዴት ይሂድ?»

«ምን እናድርግ?»

«ነገ ሳሚን እንግዳ አድርጌ አመጣልሻለሁ። አንቺም እንደ እንግዳ ተቀበዪው። ዓሣ ይኑርሽ።»

«ሙናስ?»

«ሙናን ደግሞ አንቺ ታመጭልኛለሽ» አለች። ለይሉኝታ ነው፣ እኔ ብቻዬን እንዳላፍር ብላ ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሳሚ በታጠበ ሸሚዝ፣ ጸጉሩ በውኃ ተለጥፎ፣ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደ እንግዳ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ዘይነብ «እንግዳ ይዤልሻለሁ» አለችና ሄደች። «እንግዳዬ፣ ግባ» አልኩት። በብረት ማንቆርቆሪያ እጁን አስታጠብኩት፤ ያ ማንቆርቆሪያ ለእንግዳ ብቻ ነበር የሚወጣው። ከሁሉ በሚበልጠው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ እግሩ መሬት አይደርስም። ቆሮሶውን ፈልፍዬ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅሜ አጎረስኩት። እትዬ ጽጌ ብታየኝ ምን ትል ነበር? አፉን ከፈተ፤ ዐይኑን ከእኔ ሳይነቅል እያኘከ አፉን ከፈተ። ሲጠግብ ከወንበሩ ወረደና፣ ዘይነብ አስጠንታው ይሁን ከራሱ እንጃ፣ «ነገም ልምጣ?» አለኝ። «ና» እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁለት። በማግሥቱ መጣ፣ በሳልስቱም መጣ፣ ከዚያ አንድ ቀን መጠየቁን ተወ። ባለቤቴ ከስቶና ጠቁሮ ከሰሜን ሲመለስም በር ከፍቶ የተቀበለው ሳሚ ነው፤ «እማዬ፣ እንግዳ መጣ፣ ዓሣ አለን?» ብሎ።

እንግዲህ ኤልዳና ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ መዋል ጀመረች። ምን አበላኋት? ታውቃላችሁ። ትናንት ቤዛ ልትወስዳት መጥታ፣ በሩ ላይ ቁጢጥ ብላ እጆቿን ስትዘረጋ፣ ኤልዳና ቀሚሴን ጨምድዳ «አልሄድም» አለች። የቤዛን ፊት አየሁት። ያን ፊት ከውስጥ በኩል አውቀዋለሁ። ግን ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ያቺ ትንሽ እጅ ቀሚሴን ስትይዝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «ዓሣ ገዝተሽ ሂጂ፣ እሾሁን ራስሽ ልቀሚላት» አልኳት ቤዛን። «በራሷ ትብላ ተብለናል እኮ፣ እማዬ።» «ግድ የለም፤ አንድ ቀን እንግዳ አድርጊያት።» እህል ውኃ የማይል ነገር የተናገርኩ ያህል አየችኝ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ግን ያ ደስታ አላስቀምጠኝ አለ። እኔን ደስ ካለኝ፣ ዘይነብም ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር ማለት ነው። ዘይነብ አሁን ሻሸመኔ ከሙና ጋር ነው የምትኖረው፤ ዐይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ደወልኩላት።

«የሙና እናት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን፣ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ፣ ሳሚ እኔን አልፎ ወደ አንቺ ሲሮጥ ደስ ብሎሽ ነበር?»

 «ደስ ብሎኛል» አለች። «አልቅሻለሁም። ሁለቱም አንድ ላይ ሆኖብኝ ግራ ገብቶኝ ነበር።»

«ለእኔ አዝነሽ ነው ያለቀስሽው?»

«ኧረ ለራሴ ነው። ሙና እኔን አልፋ ወደ አንቺ ሮጠች አይደል እንዴ? እኔም እኮ ለሷ ነበር ቁጢጥ ያልኩት። እያየኋት ጉያሽ ገባች፣ አንቺም ጭብጥ አድርገሽ ያዝሻት። በራሷ ላይ አሻግረሽ ግን ሳሚን ነበር የምታዪው።»

«እኔ?» አልኩ። «እኔማ እጄ ባዶ ነበር።»

«ባዶ አልነበረም፣ የሳሚ እናት። ልጄ ነበረችበት። እስከ ቤት ድረስ አዝለሻት ነው የሄድሽው።»

ይህን ታሪክ ለሳሚ፣ ለአባቱ፣ ለሠርገኛና ለለቀስተኛ ስንቴ አውርቼዋለሁ። ሳወራው ሁልጊዜ እጄን እንዲህ ዘርግቼ ነው፣ ባዶውን። የሙናን ክብደት ከጀርባዬ ላይ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

«አለች ሙና?» አልኩ።

«አለች፣ እዚሁ ናት። ላገናኝሽ» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እየጠበቅሁ፣ ምን እንደምላት አላወቅሁም።